ጀርባ ያላቸው ሰዎች

ልጅ ሳለሁ ሥዕል እወድ ነበር። ሥዕል እንኳ አይባልም፤ መሞነጫጨር ነው። የደብተሬ የኋላ ገጾች በሙሉ ሰው ነበሩ። እናቴ ቡና ስትቆላ፣ ጎረቤታችን እማማ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ፣ የሰፈር ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ፤ ሁሉም እዚያ አሉ። አንድ ቀን የሥዕል መምህራችን (ስማቸውን ልተወው) ደብተሬን አንስተው አገላበጡና ሰዎቼ ሁሉ ጀርባ እንደሌላቸው በክፍሉ ልጆች ፊት ነገሩኝ። እናቴን ከገጹ ላይ በመቀስ ቆርጠን ብናወጣት እጃችን ላይ የሚቀረው ወረቀት ነው፣ ሰው አይደለም ማለታቸው ነበር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው ሥዬ አላውቅም።

የሚያናድደው ነገር መምህሩ ተሳስተው አልነበረም። እኔ ያደግሁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉ ቅዱሳንን እያየሁ ነው። ቅዱሳኑ ጀርባ የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው ደግሞ በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ያ የራሱ ሕግ ያለው ትልቅ ጥበብ ነው፤ ማንም ጉድለት ሊለው አይችልም። እኔ ግን የፈለግሁት ቅዱስ ሳይሆን እናቴን ነበር። ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ወገቧን እያመማት ምድጃ ሥር የተቀመጠችውን እናቴን።

ጎልማሳ ሆኜ ወዳጄ ቤት አንድ ወፍራም የሥዕል መጽሐፍ ሳገላብጥ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። ራሷን ሸፍናለች፣ ትንሽ ዘወር ብላለች። ምስሉ በመጀመሪያ መጠኑ ቁመቱም ወርዱም ከሰባት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ቀለም የለውም፤ ጥቁር መስመርና ነጭ ወረቀት ብቻ። ሴትዮዋ ግን ጀርባ አላት። መጽሐፉን ገልብጬ ከገጹ በስተኋላ ማጅራቷን ላይ ምንም አልቀረኝም። የሠራው ሰው ሬምብራንት ይባላል፤ ሴትዮዋ እናቱ እንደሆነች ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ዘመኑ 1628 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ ልጁ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

ይህን ያደረገው እንዴት ነው ብዬ የጀመርኩት ጥያቄ ሰውየው ሕይወት ውስጥ አስገባኝ፤ እስካሁንም አልወጣሁም።

ሬምብራንት በ1606 ሌይደን በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የወፍጮ ባለቤት፣ እናቱ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። በ14 ዓመቱ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ፤ ቀለም ግን ከቀለም ትምህርት በለጠበትና ያኮብ ቫን ስዋነንቡርክ ከሚባል የከተማው ሠዓሊ ዘንድ ሦስት ዓመት ያህል ተማረ። ከዚያ አምስተርዳም ሄዶ ከፒተር ላስትማን ጋር ስድስት ወር ተቀመጠ። ተመልሶ የራሱን ሥራ ጀመረ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የወፍጮ ቤት ልጅ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ።

ብዙ ሰው ሬምብራንትን የሚያውቀው በትልልቆቹ የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ነው። በሕይወት ዘመኑ በአውሮፓ ሁሉ ስሙን ያደረሱት ግን ኤቺንግ የሚባሉት ትናንሽ ኅትመቶቹ ናቸው። ወደ ሦስት መቶ ገደማ ሠርቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለስላሳ የመዳብ ሰሌዳ ይወሰዳል። ሰምና ሙጫ፣ ሬንጅ መሰል ነገርም ተቀላቅሎ በስሱ ይቀባል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይሥላል፤ መዳቡን መቆፈር የለበትም፤ ሰሙን ማንሳት ብቻ። ከዚያ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ሰም ያለበትን አይነካም፤ ሰም የተነሣበትን ይበላል። በመጨረሻ ሰሙ ይጠረግና ሰሌዳው በቀለም ይታሻል፤ ላዩ ሲወለወል ቀለም የሚቀረው በተበላው መስመር ውስጥ ነው። እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ መጭመቂያ ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ከጉድጓዱ መጥጦ ይወጣል። ወርቅ አንጣሪዎቻችን ሰሙን አቅልጠው በቦታው ወርቅ እንደሚያፈሱት ነው፤ እዚህም ቁም ነገሩ ያለው ሰሙ በለቀቀው ቦታ ነው።

አሁን ወደ ጀርባው ጉዳይ ልመለስ። በዚህ ሥራ ውስጥ ግራጫ የሚባል ነገር የለም። መስመር አለ፣ ወይም የለም። ታዲያ ጉንጭ እንዴት ይክበብ? ጨለማ ከሰው በስተኋላ እንዴት ይግባ?

የመጀመሪያው ዘዴ መስመሩን በአካሉ ዙሪያ ማስኬድ ነው። መሶብ አይታችሁ የለም? ስፌቱ ዙሪያውን ስለሚሄድ፣ በአንድ ዓይን ብታዩት እንኳ ክብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ክንድ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ ዱላ ይሆናል፤ እንደ አምባር የዞረ መስመር ብታደርጉበት ግን ክንድ ይሆናል፤ መስመሩ ከዓይናችን የሚሰወርበት ቦታ ላይ እኛው ራሳችን የቀረውን ዙር እንጨርስለታለን። ያቺ አሮጊት ላይ የሆነው ይኸው ነው። የግንባሯ መጨማደድ ግንባሩን ተከትሎ ይጎብጣል፤ የጉንጯ መስመር ጉንጩን ይዞ ይወርዳል። የእኔ እናት ግን ዙሪያዋን በአንድ ወፍራም እርሳስ የታጠረች ነበረች። ወደ ውስጥ የሚገባ አንድም መስመር አልነበረኝም።

ሁለተኛው ዘዴ መደራረብ ነው። ነጠላ አሳልፎ ያሳያል፤ ጋቢ አያሳልፍም፤ ልዩነቱ ድርቡ ነው። ጎን ለጎን የተሰመሩ ስስ መስመሮች ቀለል ያለ ጥላ ይሰጣሉ። በላያቸው ሌላ አቅጣጫ ያለው መስመር ሲያልፍ ይጠቁራል፤ ሦስተኛ ሲጨመርበት ደግሞ ይከብዳል። ሬምብራንት በወጣትነቱ ይህን የተለማመደው በራሱ ፊት ነው። በ1630 መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን እያጣመመ የሠራቸው ትናንሽ ኅትመቶች አሉ፤ ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይደነግጣል። አንዳንዶቹ ቁመታቸው አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያው ጊዜ የመንገድ ለማኞችንም ይሥል ነበር። ሸክማቸው ላይ የጎበጡ፣ ዱላ የያዙ፣ ጨርቃቸው የተበጫጨቀ። ለማኞቹን በብዛት ከኋላና ከጎን ነው የያዛቸው፤ በአንድ ወገን ፈጣን የተጠላለፈ ጥላ፣ በሌላው ወገን ባዶ ወረቀት። እንዲያው ሲታዩ በግዴለሽነት የተጫሩ ይመስላሉ። የጎበጠ ጀርባ ላይ ያለው ክብደት ግን ይታወቃል።

በ1631 ገደማ ወደ አምስተርዳም ጠቅልሎ ገባ፤ ገንዘብ ያለው እዚያ ነበርና። በ1632 የዶክተር ቱልፕን የአካል ትምህርት የሚያሳየውን ሥዕል ሠርቶ ታወቀ። በ1634 ሥራ የሰጠውን የሥዕል ነጋዴ ዘመድ፣ ሳስኪያን አገባ። በ1639 በ13 ሺህ ጊልደር ትልቅ ቤት ገዛ። ገንዘቡን ግን በሙሉ አልከፈለም። ይህን ቤት አትርሱት።

በ1636 የሠራው አንድ ኤቺንግ አለ፤ እሱና ሳስኪያ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እሱ ከፊት ነው፣ ኮፍያው በዓይኑ ላይ ጥላ ጥሏል፣ መስመሩ ወፍራምና ጥቁር ነው። እሷ ከኋላ ናት፣ ትንሽ ናት፣ መስመሯ ቀጭንና የሳሳ ነው። ሦስተኛው ዘዴ ይኸውላችሁ፤ ቅርብ ያለው ይከብዳል፣ ሩቅ ያለው ይቀላል። በአሲድ ሥራ ይህን ለማድረግ አንዱ መንገድ ጊዜ ነው። ቀለል እንዲሉ የተፈለጉት መስመሮች ትንሽ ከተበሉ በኋላ በመሸፈኛ ይደፈናሉ፤ ሌሎቹ ተመልሰው አሲድ ውስጥ ይቆያሉ። ብዙ የቆየ ይጠልቃል፣ የጠለቀ ብዙ ቀለም ይይዛል። የቴክኒኩ ነገር ይኸው ነው። እኔ ግን ያን ምስል ባየሁ ቁጥር ሳስኪያ በመስመሩ ቀጭንነት ምክንያት ልትጠፋ የቀረባት ጥቂት ይመስለኛል። ከወለደችለት ልጆች ሦስቱ ገና በጨቅላነታቸው ሞቱ። አራተኛው ቲቱስ በ1641 ተወልዶ ተረፈ። እሷ ግን በዓመቱ፣ ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሳይበልጠው፣ በ29 ዓመቷ አረፈች።

ቲቱስ በተወለደበት በዚያው በ1641 ሬምብራንት እኛን የሚመለከት ሥራ ሠርቷል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የህንደኬን ጃንደረባ፣ ኢትዮጵያዊውን፣ ፊልጶስ ሲያጠምቀው የሚያሳይ ኤቺንግ ነው። ታሪኩን ይወደው ነበር መሰለኝ፤ በሃያ ዓመቱ በ1626 በዘይት ቀለም ሠርቶታል፤ ያኛው ዛሬ ኡትሬክት ከተማ ይገኛል። በኤቺንጉ ላይ ጃንደረባው ውኃው አጠገብ ተንበርክኳል፣ ጦር የያዘ ፈረሰኛ ቆሞ ያያል። እውነቱን ለመናገር ከምርጦቹ አንዱ አይመስለኝም። መስመሩ ክፍትና ቀላል ነው፤ ፈረሰኛው ከጃንደረባው ይልቅ ዓይን ይስባል። ችግሩ ግን ይገባኛል። ጥቁር ፊት በመስመር ሲሠራ መስመሩ ሁለት ሥራ ይጠየቃል፤ የቆዳውን ቀለም መናገርና የጥላውን ቦታ መናገር። ቆዳውን ለማጥቆር መስመሩን ከጨረስከው ጥላውን በምን ትሠራዋለህ? የእናቴን ፊት ስሞነጭር እኔም እዚያው ላይ ነበር የምወድቀው። ፊቷን በሙሉ በእርሳስ አጠቁርና አፍንጫዋ ይጠፋብኝ ነበር።

የሳስኪያ ሞት በሰውየው መስመር ላይ ምን እንዳደረገ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ እኔም አልሞክርም። የሚታየው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጨለማው መጨመሩ ነው። በ1647 ወዳጁን ያን ሲክስን ሠራ። ሲክስ መስኮት ተደግፎ ያነባል፤ ብርሃኑ ከበስተኋላው ይመጣል። ክፍሉ ከሞላ ጎደል ጨለማ ነው፤ ግን ዓይናችሁን ስታለማምዱት ካባ፣ ሰይፍ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። መስመሮቹ እጅግ ከመሳሳታቸውና ከመደራረባቸው የተነሣ መስመር መሆናቸው ይረሳል፤ ከፋይ ጨርቅ ነው የሚመስለው። የሲክስን ጫፍ ልፈልግ ብል አላገኘሁትም። አካሉን ከጨለማው የሚለይ የታጠረ መስመር የለም። ጨለማው እሱ ጋ ሲደርስ ይቀልላል፣ ያኔ ሲክስ ይጀምራል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ሰውየው ከሰው ዳር መጀመር ትቶ ሰው ከተቀመጠበት ጨለማ መጀመር ተማረ። ጥላው ወገን ጭልም ብሎ ሄዶ ሄዶ ከዳሩ አጠገብ ትንሽ ይፈካል፤ ከግድግዳው የሚመለስ ብርሃን ነው። በዚያች ጠባብ ፍካት ምክንያት ሰውና ግድግዳ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው አየር ይገባል። ጀርባ ማለት ያ አየር ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ እናቴን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳትና እርሳስ አነሳሁ። ከእሷ ሳይሆን ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ጀመርኩ። ምን እንደማደርግ ግራ ገባት፤ ልብስ ሳልቀይር ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። አፍንጫዋ እንደ ልማዱ ተበላሸብኝ። ትከሻዋ ላይ ግን፣ ግድግዳውና ነጠላዋ የሚገናኙበት አንድ ስንዝር የማይሞላ ቦታ ላይ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረ። ያን ቦታ ብቻ ለብዙ ጊዜ ሳየው ቆየሁ።

እስካሁን ሰውየውን አሞገስኩት። አሁን የማይወደደውን ልናገር። ሳስኪያ ከሞተች በኋላ ቲቱስን የምታሳድግ ኸርትዬ ዲርክስ የምትባል ባልቴት ቤቱ ገባች፤ ከጊዜ በኋላም አብረው ኖሩ። ከዚያ ሄንድሪክዬ ስቶፌልስ የምትባል ወጣት ሠራተኛ መጣች፤ ኸርትዬም ወጣች። ሊያገባኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር ብላ ከሰሰችው። በ1649 ፍርድ ቤቱ በዓመት 200 ጊልደር እንዲከፍላት ወሰነባት ሳይሆን ወሰነበት። በዓመቱ ግን፣ በእሱ ግፊት፣ ኸርትዬ ሃውዳ ከተማ በሚገኝ የሴቶች ማረሚያ ቤት ተዘጋባት። አምስት ዓመት ቆየች። የለማኝን ጀርባ ያየ ሰው አብራው የኖረችን ሴት እንዲህ አደረገ። እዚህ ቦታ ላይ በደረስኩ ቁጥር መጽሐፉን ዘግቼ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ። ምክንያቱም በእነዚያው ዓመታት የመቶ ጊልደሩን ኅትመት ሠርቷል።

ስሙ የመጣው አንድ ቅጂ ገና በሕይወት ሳለ በመቶ ጊልደር ተሸጠ ስለሚባል ነው። በ1648 ገደማ የተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ያሉትን ነገሮች በአንድ ቦታ ሰብስቧል። ክርስቶስ መካከል ቆሟል። በስተቀኝ በሽተኞች በቃሬዛና በጋሪ ሳይቀር ከጨለማው በር እየወጡ ይመጣሉ። በስተግራ ተከራካሪዎቹ ፈሪሳውያን ይንሾካሾካሉ፤ ልጇን ያቀፈች እናት ትቀርባለች፤ ሀብታሙ ወጣት አገጩን በእጁ ይዞ ይተክዛል። አሁን መስመሩን ተመልከቱ። በሽተኞቹ በድርብርብ ጥላ ተሞልተዋል፤ ክብደት፣ ሥጋ፣ ጀርባ አላቸው። ፈሪሳውያኑ ግን ብርሃን ውስጥ ሆነው ዳራቸው ብቻ ነው የተሰመረው፤ ውስጣቸው ባዶ ወረቀት ነው። ሥዕሉ አላለቀም ያሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቆርጦ የሚያነሳ መቀስ ቢመጣ ወረቀት የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

እግሩ ሥር ደግሞ አንዲት ሴት ተንበርክካ ሁለት እጆቿን አጣምራ ትለምናለች። የእጆቿ ጥላ የክርስቶስ ቀሚስ ላይ ወድቋል። እሷ አልነካችውም፤ ጥላዋ ግን ነክቶታል። ጥላው መውደቁ በእጇና በቀሚሱ መካከል ያለውን ርቀት በትክክል ይነግረናል፤ ምናልባት አንድ ክንድ ይሆናል። ስለ ጥልቀት የሚያስተምር መጽሐፍ ብዙ አገላብጫለሁ፤ ከእነዚህ ሁለት እጆች በላይ ያስተማረኝ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ አሲዱ እንኳ አልበቃ ብሎት መዳቡን በቀጥታ በመርፌ መጫር አበዛ። በደረቁ ሲጫር የተነሣው መዳብ በመስመሩ ዳር እንደ ብናኝ ጠርዝ ይቆማል፤ ቀለም ይይዝና ሲታተም ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጠጉራም መስመር ይሰጣል። ችግሩ ያ ጠርዝ በመጭመቂያው ሥር ቶሎ ያልቃል፤ ጥሩ ጥሩው ቅጂ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ በ1653 ሦስቱን መስቀሎች ሠራ። መጀመሪያ ከሰማይ ብርሃን ይወርዳል፤ ከመስቀሉ ሥር ሕዝቡ፣ ወታደሮቹ፣ የሚያለቅሱት ሁሉ ይታያሉ። በኋላ ያንኑ ሰሌዳ ወስዶ ብዙውን ሰው ፋቀው። ከላይ እስከ ታች እንደ ዶፍ ዝናብ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮችን አወረደበት። ከሁለቱ ወንበዴዎች አንዱ በጨለማው ሊዋጥ ደረሰ። መስመሮቹ የማንንም አካል አይዞሩም፤ መሶብ የለም፣ አምባር የለም። ሰዎቹ ግን ከዝናቡ በስተኋላ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን ዘዴ ጥሎ ጥልቀቱን ሳይጥል ቀረ፤ እንዴት እንዳደረገው እስከ ዛሬ በደንብ አይገባኝም።

የቤቱ ዕዳ ደረሰ። በ1656 መክፈል እንዳልቻለ አሳወቀ፤ ንብረቱ ክፍል በክፍል ተዘርዝሮ ተመዘገበ። ሥዕል፣ የራፋኤልና የሌሎች ኅትመቶች፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የጦር ዕቃ፣ ዛጎል፤ ዝርዝሩ 363 መደብ ነበረው። ሰብሳቢ ነበር፤ ያየውን ሳይገዛ አያልፍም ነበር። ቤቱም በ1658 ከገዛበት ባነሰ፣ ከ11 ሺህ ጊልደር ትንሽ ባለፈ ዋጋ ተሸጠ። ሮዘንክራክት በሚባል ዝቅ ያለ ሰፈር ቤት ተከራዩ። ሄንድሪክዬና ቲቱስ አንድ የንግድ ማኅበር አቋቁመው እሱን ሠራተኛቸው አደረጉት፤ እንዲህ ባይሆን አበዳሪዎቹ የሚሠራውን ሁሉ ይወስዱት ነበር። ሄንድሪክዬ ከእሱ ጋር ሳትጋባ በመኖሯ የቤተ ክርስቲያን ሸንጎ ቀርባ ከቁርባን ታግዳለች። እሱን ግን ማንም አልቀጣውም።

ከ1661 በኋላ መርፌውን አስቀመጠ ማለት ይቻላል። አንድ ብቻ ቀረች። በ1665 የትውልድ ከተማው የሌይደን አሳታሚ በቅርቡ የሞተ ሐኪምን ምስል ለመጽሐፍ ይፈልግ ነበር። ቲቱስ አባቱ እንደሚችል ተከራክሮ ሥራውን አስገኘለት። ሰውየው ሠራው፤ መጽሐፉ ግን ያለዚያ ምስል ወጣ። ልጁ ስለ አባቱ ሲከራከር የነበረውን ሁኔታ አስባለሁ። ሄንድሪክዬ በ1663 ሞተች፤ ቲቱስ በ1668 ባገባ በሰባት ወሩ ሞተ። ሬምብራንት በጥቅምት 1669 አረፈ። አምስተርዳም በሚገኘው ዌስተርኬርክ በኪራይ መቃብር ተቀበረ፤ ቦታው ዛሬ አይታወቅም።

ሰሌዳዎቹ ግን ከሰው ይልቅ ዕድሜ አላቸው። በ1651 ወንበር ላይ አስቀምጦ የሠራው ክሌመንት ደ ዮንኸ የሚባል የኅትመት ነጋዴ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ በ1679 ንብረቱ ሲቆጠር 74 የሬምብራንት ሰሌዳዎች ተገኙ። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ አለፉ። እየታተሙ አለቁ። መጀመሪያ የሚያልቀው ያ ጠጉራም ጠርዝ ነው፤ ቀጥሎ ስሱ የጥላ መስመር፤ መጨረሻ የሚቀረው ጥልቁ የዳር መስመር ነው። ዕድል ቀንቶኝ ወደ አምስተርዳም ሄጄ፣ ያ በዕዳ የተሸጠው ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ፣ ኅትመቶቹን በአጉሊ መነጽር ሳይ ዋልኩ። በኋላም የአንድን ሰሌዳ ቀደምት ቅጂና የዘገየ ቅጂ ጎን ለጎን አየሁ። በሁለተኛው ላይ ሰዎቹ ወደ ደብተሬ ሰዎች እየተመለሱ ነበር።

የመቶ ጊልደሩ ሰሌዳ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ካፒቴን ዊልያም ቤይሊ ከሚባል አየርላንዳዊ እጅ ገባ። ያለቀውን መስመር በ1775 በራሱ እጅ እያጠለቀ አደሰው፤ መቶ ቅጂ አተመበት። ከዚያ መዳቡን በአራት ቆረጠው። ቁራጮቹንም ለየብቻቸው አተማቸው።